ሁለቱ ዓመት አይገዛም



ሰሞኑን በየዶርሙ አንድ ማስታወቂያ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። በአንድ የገልፍ አገር የሚገኝ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት የሒሳብ፣ የፊዚክስና የእንግሊዝኛ መምህራን ይፈልጋል። መኖሪያ ቤት፣ የአውሮፕላን ትኬትና የጤና መድን ይሰጣል ይላል። ከዒሻ ሶላት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመን አነበብነው። ከመስፈርቶቹ መካከል «ቢያንስ ሁለት ዓመት የማስተማር ልምድ» የሚል ነበረበት። ከመካከላችን አንዱ «እሱ አያሳስብም፤ የልምድ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አለ» አለ። ማንም መልስ አልሰጠም። አንዳንዶቻችን ዝም ያልነው ስላልተስማማን ነው። አንዳንዶቻችን ግን ዝም ያልነው ዋጋውን ለመጠየቅ አፍረን ነበር።

ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ያንን ዝምታ ለመስበር ነው። ውጭ ሄዶ ማስተማር ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ በሚለው ላይ ለመከራከር አይደለም። በእኛ እምነት መሄድ የሚያስነቅፍ ነገር የለውም። የሚያስጨንቀን የምንሄድበት መንገድ ነው፤ በተለይም ከመሄዳችን በፊት ያሉት ሁለት ዓመታት።

መሄድ ነውር አይደለም

ለዕውቀት መሰደድ፣ ዕውቀትን ይዞ መሰደድም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የወሎን መሻይኾች ታሪክ የሰማ ሰው ደረሳ ኪታቡን ተሸክሞ ከዳና ወደ ጃማ ንጉሥ፣ ከአንዱ ሐሪማ ወደ ሌላው ስንት ቀን በእግሩ እንደሚሄድ ያውቃል። ሙሉ ሸይኽ ሆኖ ሲወጣም ብዙ ጊዜ የሚያስተምረው በተወለደበት ቀዬ ሳይሆን በተፈለገበት ቦታ ነበር። ባሕር ተሻግረን ካየንም በካይሮው አል-አዝሀር የእኛ አካባቢ ተማሪዎች የሚያድሩበት «ሪዋቅ አል-ጀበርት» የሚባል ክፍል ነበር። የግብፅ ታሪክ ጸሐፊው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከአፍሪቃ ቀንድ ከሄዱ አያቶቹ ነው። አባቱ ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ ደግሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በካይሮ በሒሳብና በሥነ ፈለክ ዕውቀታቸው የታወቁ መምህር ነበሩ። እንግዲህ ከእኛ ወገን ሰው ዐረብ አገር ሄዶ ሒሳብ ሲያስተምር የመጀመሪያዎቹ እኛ አንሆንም።

ከዚያም በፊት ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር (ረ.ዐ) አሉ። በመካ በድሎት ያደጉ ወጣት ነበሩ። ከሰለሙ በኋላ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሶሐቦች አንዱ ናቸው፤ ይህችን አገር በእግራቸው ረግጠዋል። ከመጀመሪያው የዐቀባ ቃል ኪዳን በኋላ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የየስሪብን ሰዎች ቁርኣን እንዲያስተምሩ የላኩት እርሳቸውን ነው። በአስዐድ ኢብኑ ዙራራ (ረ.ዐ) ቤት አርፈው አስተማሩ። እንደ ኡሰይድ ኢብኑ ሑደይርና ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) ያሉ የከተማይቱ ታላላቅ ሰዎች በእርሳቸው እጅ ሰለሙ። ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት አለ፤ ሙስዐብ የተላኩት ተምረው ከጨረሱ በኋላ ነው። ሊያስተምሩ ሲሄዱ የሚያስተምሩት ነገር በልባቸው ነበር። ስለ ማንነታቸውም የሐሰት ወረቀት የሚመሰክርላቸው አላስፈለጋቸውም።

ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው

ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ስንል የአገሩን ሳይሆን የሌላ አገር ወይም ዓለም አቀፍ ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምረውን ማለታችን ነው። በገልፍ አገሮች የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የህንድ ሥርዓተ ትምህርት የሚከተሉ በጣም ብዙ ናቸው። በ1968 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ የተመሠረተውን የኢንተርናሽናል ባካሎሬት ፕሮግራም የሚሰጡም አሉ። በጅዳና በሪያድ ደግሞ ለራሳችን ማኅበረሰብ ልጆች የተከፈቱ የኢትዮጵያውያን ትምህርት ቤቶች አሉ። የስደተኛ ልጅ አማርኛ ሳይረሳ እንዲማር የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው። ስለ ውጭ አገር ማስተማር ስናስብ ብዙዎቻችን የምንረሳቸውም እነርሱን ነው።

ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነው። በሚያስተምሩት የትምህርት ዓይነት ዲግሪ፣ የመምህርነት ሙያ ማረጋገጫ (እኛ ዘንድ ፒጂዲቲ የምንለውን ዓይነት)፣ ጥሩ እንግሊዝኛ፣ ከፖሊስ የወንጀል ነጻ ማስረጃ እና የማስተማር ልምድ። ዲግሪው በአገር ቤት በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲው ማኅተም ማለፍ ይኖርበታል። እንደ ዱባይ ባሉ ቦታዎች ደግሞ የግል ትምህርት ቤቶችን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ራሱ የመምህሩን ማስረጃ አይቶ ያጸድቃል። ደህና ትምህርት ቤት ልጆችን ለማያውቀው ሰው አያስረክብምና የቀድሞ ርእሰ መምህርን በቀጥታ ያነጋግራል። በካሜራ የሙከራ ትምህርት አስተምር ይላል።

የልምድ ጥያቄው ለምን እንደመጣ እናስበው። ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ የቆመ ሰው አንድ ትምህርት በአርባ ደቂቃ እንዴት እንደሚያልቅ ያውቃል። ያልገባው ልጅ ከዓይኑ ይለያል። የተቆጣ ወላጅ ሲመጣ አይደነግጥም። የሚረብሽ ልጅ ለምን እንደሚረብሽ ይገምታል። ይህ ከሞጁል የሚገኝ አይደለም። የሐሰት ደብዳቤ የሚያጎናጽፈን የሌለንን ነው፤ የሚጎዳው ግን አሠሪውን ብቻ አይደለም። ያልተዘጋጀ መምህር ፊት የሚቀመጠው ልጅ ነው ዋነኛው ተጎጂ። ያ ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሙስሊም ልጅ ነው።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ የአንድ ነጋዴ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥር እርጥብ ሆኖ ያገኙበትን ታሪክ ሁላችንም ሰምተነዋል። ነጋዴው «ዝናብ መትቶት ነው» ሲል፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ። የሐሰት የልምድ ደብዳቤ ማለት ይኸው ነው፤ ደረቁ ከላይ፣ እርጥቡ ከሥር። በዚያ ደብዳቤ የተገኘ ደመወዝ ለእናታችን ሐጅ ማስደረጊያ ሲሆን ደግሞ ነገሩ የባሰ ያስፈራል። የዚህን ገንዘብ ብይን ከዑለማዎች መጠየቅ ይገባል፤ እኛ ፈትዋ አንሰጥም። ነገር ግን ልባችን ያልረጋበትን ነገር እያወቅን «ሰው ሁሉ ያደርገዋል» ብለን ልናልፈው አይገባም።

ቪዛም ውል ነው

ሁለተኛው አቋራጭ የቪዛው ነው። ደላላ «መጀመሪያ በጉብኝት ቪዛ ግቡ፤ እዚያ ትቀይራላችሁ» ይላል። አንዳንዱ «በዑምራ ቪዛ ገብታችሁ ቅሩ» ይላል። ለእህቶቻችን የሚመጣው ግን ከሁሉም የከፋ ነው። «ለጊዜው በቤት ሠራተኛነት ሂጂ፤ ዲግሪሽን ይዘሽ ሂጂና እዚያ ትምህርት ቤት ትገቢያለሽ» ይባላሉ። ዲግሪያቸውን ሻንጣ ውስጥ ይዘው ሄደው ሻንጣው ሳይከፈት ዓመታት ያለፈባቸውን እህቶች ሁላችንም በየሰፈራችን እናውቃለን።

የቤት ሠራተኛ መሆን ውርደት አይደለም፤ የብዙዎቻችን የትምህርት ወጪ የተሸፈነው በእነዚያ እህቶች ላብ ነው። ጉዳዩ ሕግ ነው። በገልፍ አገሮች የቤት ሠራተኞች ከአጠቃላዩ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ውጭ ሆነው በተለየ ደንብ ነው የሚተዳደሩት። ስለዚህ በኢቃማው ላይ የተጻፈው ሙያ ጌጥ አይደለም። የትኛው ሕግ እንደሚጠብቀን የሚወስነው እርሱ ነው። በቤት ሠራተኛነት የገባች መምህርት በሕጉ ፊት መምህርት አይደለችም። በጉብኝት ቪዛ የሚያስተምር ሰውም ደመወዙ ቢቀርበት ወዴት ይከሳል? ራሱ ሕግ ተላላፊ ነውና።

በዚያ ላይ ቪዛ ስንቀበል ለአንድ አገር ቃል እየሰጠን ነው። ዑምራ ልናደርግ ነው ብለን ገብተን ዑምራውን የመኖሪያ ማምለጫ ስናደርገው ዒባዳውን ራሱን የውሸት ሽፋን አደረግነው ማለት ነው። ያለ ፈቃድ የቆዩ ወገኖቻችን በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ በገፍ ሲመለሱ ከ160 ሺሕ በላይ ነበሩ። ያን ጊዜ ልጆች ነበርን። አንዳንዶቻችን ግን አባታችን ወይም አክስታችን በአንድ የላስቲክ ከረጢት ሲመለሱ ቦሌ ድረስ ሄደን ተቀብለናል።

ውሉን እናንብብ

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ የቱ ነው ተብለን ስንጠየቅ ብዙዎቻችን ስለ ሶላት ወይም ስለ ጀነት የሚናገር ይመስለናል። የሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ ግን የሚናገረው ስለ ዕዳ ነው፤ በጊዜ የተወሰነ ዕዳ እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክር እንዲቆም። ሱረቱል ማኢዳም የሚጀምረው ምእመናን ውሎቻቸውን እንዲሞሉ በማዘዝ ነው። ይህን እያወቅን «አላህ ያውቃል» ብሎ ሳያነቡ መፈረም ተወኩል አይደለም።

ልናውቃቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮችን እናስቀምጥ፦

አንደኛ፣ በአገራችን የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚችለው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና ክትባት ያሉትን ነው። «ለቪዛ ክፈሉ» የሚል ሰው ሲመጣ ይህን እናስታውስ። በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 የተደረገውን ማሻሻያም ማንበብና ያልገባንን የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርን መጠየቅ እንችላለን።

ሁለተኛ፣ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የሥራ ሕግ የሙከራ ጊዜ ከስድስት ወር አይበልጥም። አሠሪ የቅጥር ወጪን ከሠራተኛ መቀበልም ፓስፖርቱን ይዞ ማስቀረትም አይችልም። ፓስፖርታችን የእኛ ነው።

ሦስተኛ፣ የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ የሚባል አለ። በኤምሬትስ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ለሠራ ሰው ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የ30 ቀን ደመወዝ ይታሰብለታል። በሳዑዲ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የግማሽ ወር፣ ከዚያ በኋላ የአንድ ወር ነው። በኤምሬትስ ስሌቱ በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ስለሆነ ውሉ ላይ ጠቅላላው ትልቅ፣ መሠረታዊው ግን ትንሽ ሆኖ እንዳይጻፍ ማየት ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ ውል በእኛም ላይ ይጸናል። ሁለት ዓመት ብለን ፈርመን በሁለተኛው ሴሚስተር የተሻለ ደመወዝ አግኝተን ያለ ማስጠንቀቂያ ብንጠፋ፣ ፈተና የቀረበበት ክፍል ያለ መምህር ይቀራል። አሠሪው አማናውን ሲበላ የምንጮኸውን ያህል የራሳችንንም እንመርምር። ደግሞም አንድ ሐበሻ መምህር ጥሎ ከሄደ ቀጥሎ የሚያመለክተው ሐበሻ በሩ ላይ ይቆማል።

የማይካድ ነገር

እውነቱን እንነጋገር። በዚያ ያለው ሚዛን ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ብዙ ማስታወቂያዎች ከማስተማር ችሎታ በፊት የፓስፖርት አገር ይጠይቃሉ። አንድ ዓይነት ክፍል የሚያስተምሩ ሁለት መምህራን በፓስፖርታቸው የተነሳ የተለያየ ደመወዝ የሚያገኙበት ቦታ አለ። ይህ ግፍ ነው፤ ዐረብ ከዐጀም በተቅዋ እንጂ እንደማይበልጥ በመሰናበቻው ሐጅ የተነገረው ኡማ ውስጥ ሲታይ ደግሞ ያማል። ግን ለዚህ ግፍ መልሱ የሐሰት ወረቀት አይደለም። ለሚጠራጠረን ሰው ጥርጣሬውን የሚያረጋግጥ ማስረጃ በእጃችን ከመስጠት በቀር የሚፈይደው የለም።

መልካም ጎኑም ይነገር። በኤምሬትስ የግል ትምህርት ቤቶች ለሙስሊም ተማሪዎች ዐረብኛና እስላማዊ ትምህርት እንዲሰጡ ግዴታ አለባቸው። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዓርብ እስከ ቀትር ብቻ ስለሚሠራ ለጁሙዓ መሮጥ የለም። በፈተና ምክንያት ጁሙዓ አምልጦን ለምናውቅ ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እህቶቻችንም ሒጃባቸውን ለብሰው ክፍል ይገባሉ። እዚያ ያለ ሙስሊም መምህር ደግሞ ልጆች በእንግሊዝኛ የሚያስብና የሚሰግድ ሰው በአንድ ላይ እንዲያዩ ምክንያት ይሆናል።

ሁለቱ ዓመት የት ይገኛል?

ወደ ተነሳንበት እንመለስ። ልምዱ የሚጠየቅ ከሆነና የማይገዛ ከሆነ ከየት ይመጣል? ከዚሁ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስደው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከእነዚያ ካላለፉት መካከል የእኛ ታናናሾች አሉ። የተማርንባቸው ትምህርት ቤቶች፣ ፊዚክስ ያለ መምህር ግማሽ ዓመት ያለፈባቸው ክፍሎች፣ ዛሬም እዚያው ናቸው።

«በመምህር ደመወዝ ማን ይኖራል?» የሚለውን እናውቀዋለን፤ መልሱ ቀላል አይደለም። አባቱ የታመመበት፣ እህቶቹን የሚያስተምር ወንድማችን ሁለት ዓመት ጠብቅ ሲባል ምን እንደሚሰማው እንገምታለን። ለእርሱ ቁጭ ብለን የምንፈርድበት መብት የለንም። በሐላል መንገድ ዛሬ የተከፈተለት ሰው ዛሬ ይሂድ፤ አላህ ይገዘው። የምንለው ለሌሎቻችን ነው፤ ትምህርት ክፍል የተመደብንበትን ቀን እንደ ዕድለ ቢስነት ለቆጠርነውና መምህርነትን ለመውጫ በር ብቻ ለምንፈልገው። እዚህ አንድ ክፍል ማስተማር የሰለቸን ሰዎች እዚያ ስንሄድ ድንገት መምህር አንሆንም።

ሁለት ዓመት በአንድ የመንግሥት ወይም የግል ትምህርት ቤት በቅንነት የሠራ ሰው ሁለት ነገር ያገኛል። ርእሰ መምህሩ ስልክ ሲደወልለት ሳይንተባተብ የሚመሰክርለት እውነተኛ ልምድ አንዱ ነው። ሌላው ከአገሩ የወሰደውን በጥቂቱም ቢሆን መመለሱ ነው። ከዚያ በኋላ ቢሄድ ማንም ጥሎን ሄደ አይለውም።

ከዚህ ሴሚስተር እንጀምር

ነገሩን በምክር ብቻ እንዳንተወው ጀመዓው የሚከተሉትን እንዲያስብባቸው እንጠይቃለን። ቅዳሜና እሁድ በግቢው ዙሪያ ላሉ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ሃይማኖት ሳይለይ፣ በነጻ የማጠናከሪያ ትምህርት እንስጥ። ልምምዱ ለእኛ፣ ጥቅሙ ለጋራ ነው። በሳምንት አንድ ማታ በእንግሊዝኛ ብቻ የሙከራ ትምህርት እያቀረብን እርስ በርስ እንተራረም፤ እህቶችም በራሳቸው ሐለቃ ያድርጉት። ውጭ የሚያስተምሩ የቀድሞ ተማሪዎቻችንን በስልክ እያገናኘን እንጠይቃቸው፤ ውላቸውን እንዴት እንዳነበቡ፣ የቱ ጋ እንደተሳሳቱ። በቴሌግራም ቡድናችን የሥራ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሰው የአሠሪውን ማንነትና የቪዛውን ዓይነት አጣርቶ ይለጥፍ። የሐሰት ደብዳቤ አዘጋጃለሁ የሚል ሰው ደግሞ ወንድማችን ነውና ማታ መንገድ ላይ ዝም ከምንለው ለብቻው ጠርተን እንምከረው።

ለመሄድ የወሰነ ሁሉ ኢስቲኻራ ይስገድ፣ የሚያውቁትን ያማክር፣ ወላጆቹን ያስፈቅድ፤ እህቶች የጉዞውን ሸሪዓዊ ጎን ከሚያምኗቸው ዑለማዎች ጋር ይነጋገሩ። ሪዝቅ የተጻፈ ነው። ደብዳቤ በመግዛት አንዲት ቀን አይቀድምም፤ ሁለት ዓመት በመሥራትም አንዲት ቀን አያልፍም።

አላህ ዕውቀታችንን ጠቃሚ፣ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ኒያችንን ጥሩ ያድርግልን። የሄዱትን ይጠብቅልን፣ የቀረነውን ያበርታን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።